ሦስተኛው ቢዬላ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተናገሩት ግን ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው።

ጥር 2008 ዓ.ም. ነው፤ የገበያ ቀን። ከሐራ ጢም ብለን ሞልተን ወደ ወልድያ የሚያወጣውን ዳገት ጀምረናል። በሃየስ ሚኒባስ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ሾፌር የሞተሩን ነገር በጆሮው ብቻ ሳይሆን በመቀመጫውም ያውቀዋል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሳለሁ ከሥሬ ኳ ኳ ኳ የሚል ነገር መጣ። ነዳጅ ስሰጥ ይፈጥናል፣ እግሬን ሳነሳ ይላላል። ቴፑን ከፍ አደረግሁት። ከዚያን ቀን ሥራዬ ሁሉ ዛሬም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ የታመመ ሰው ሲያቃስት በሩን እንደ መዝጋት።

"ልጄ፣ እዚህ መኪና ውስጥ ቡና የሚወቅጥ ሰው አለ እንዴ?" አሉ እናትየዋ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። "አብሽሩ እማማ፣ ወልድያ ሲደርሱ ይፈላልዎታል" አልኋቸው። ረዳቴ ብቻ አልሳቀም፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሱም ሰምቷል።

ማቆም ነበረብኝ። ዘይት ማየት፣ ሞተር ማጥፋት፣ ተሳፋሪውን በሌላ መኪና መላክ። ነገር ግን ያወረዱት ተሳፋሪ ሒሳቡ ይመለስለታል፤ ያን ሰሞን ደግሞ ሒሳብ የሚመለስበት ጊዜ አልነበረም። የ2007 በልግ ቀርቶ፣ ክረምቱም አጉል ሆኖ፣ ሰሜን ወሎ ድርቅ ውስጥ ነበረች። ኤልኒኖ የሚለውን ቃል የተማርነው ያን ዓመት ነው። መንግሥት በኅዳርና በታኅሣሥ መካከል ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ደርሷል ብሎ ነበር። ከአዲስ አበባ በደሴ በውጫሌ በመርሳ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚወጣው አስፋልት የዕርዳታ እህል በጫኑ ከባድ መኪኖች ተሞልቷል፤ የእኛ ሚኒባስ ግን ግማሽ ባዶ ይሄዳል። የሚሸጥ የሌለው ሰው ገበያ አይወጣም፤ ገበያ ካልወጣም አይሳፈርም። የሐራ ገበያ ቀን ብቻ ነበር የሚሞላልን፤ እሱም ቢሆን ሰው ፍየሉንና ጊደሩን ሳይሞትበት ሊሸጥ ስለሚወጣ ነው።

ስለዚህ አላቆምሁም። እስከ ወልድያ እያስወቀጥሁ ወጣሁ።

ሐራን ለማያውቅ፦ ከወልድያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጭፍራና ወደ ሚሌ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ደጋው የሚያልቅባት፣ የአፋሩ ግመልና የወሎዬው በሬ አንድ ገበያ የሚውሉባት። ያን ጊዜ ስሟ ከአገር አልፎ ውጭ ተሰምቷል፤ ሁለት የባቡር ሐዲዶች የሚገናኙት እዚያ ነበርና። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ የሚመጣውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ይሠራው ነበር፤ ከመቀሌ የሚወርደውን ደግሞ ቻይናዎች። ሥራው በ2007 ሲጀመር እኔ በዕቁብና በብድር ሚኒባሱን ከገዛሁ ዓመት አልሞላኝም፤ "ባቡሩ ካለቀ ሐራ ድሬዳዋ ትሆናለች" እያልን ቡና የጠጣንበትን ቀን አስታውሳለሁ። ለእኔ የደረሰኝ ግን ባቡሩ ሳይሆን ተለዋጭ መንገዱ ነው። የግንባታው ማሽኖች ሲያልፉ ከዋናው መንገድ ወጥተን በጥርጊያ እንሄድ ነበር። በጥቅምት አንድ ቀን፣ በዚያ ጥርጊያ ላይ፣ አንድ ድንጋይ የመኪናዬን ሆድ መታው። ወርጄ አጎንብሼ አየሁ። የዘይት ቋቱ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል፤ ዘይት ግን አይፈስስም። "አልተቀደደም፣ አልሐምዱሊላህ" ብዬ ተነሳሁ። ይህችን ጎድጓዳ ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ያን የጥር ቀን ወልድያ እንደገባን መኪናውን ወደ አንድ የመንገድ ዳር መካኒክ ወሰድሁት። ልጁ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ጮክ አድርጎ አሰማና "ኑዝል ነው" አለ። ደስ አለኝ። ሰው ሊሰማው የሚፈልገውን የሚነግረው መካኒክ አያጣም። እውነትም ናፍጣውን በትክክል የማይረጭ ኑዝል ልክ እንደ ብሮንዚና ያንኳኳል፤ ብዙ ሰው ሞተሩን ያለ ምክንያት ያወረደው በዚህ ስሕተት ነው። እኔ ደግሞ በተገላቢጦሹ ተሳሳትሁ። አራቱንም ኑዝል አስፈትሼ፣ ሁለቱን ቀይሬ፣ ገንዘቤን ከፍዬ ስነሳ ድምፁ እዚያው ነው። እንዲያውም የኑዝሉ ጫጫታ ስለቀነሰ የታችኛው ጥርት ብሎ ተሰማ።

ከዚያ ነው ወደ ጋሼ የሄድሁት። ስማቸውን አልጽፍም፤ ወልድያ ውስጥ ጋሼ ሲባል የትኛው ጋሼ እንደሆነ ጋራዥ የሚያውቅ ያውቃል። ዕድሜያቸው ስልሳ አልፎ፣ የአንድ እጃቸው ሁለት ጣቶች በቺንጋ ተቆርጠው፣ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ ሥራ የማይጀምሩ ሰው ነበሩ። መሣሪያዎቹን ሁሉ በጣሊያንኛ ስማቸው ነው የሚጠሯቸው፦ ኪያቤ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። በጣሊያን ጊዜ ከተማረ መካኒክ የተማረ መካኒክ አስተማረኝ ይሉ ነበር።

መኪናውን ሲያስነሱ መጀመሪያ ምንም አልነኩም። ዝም ብለው ቆሙ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ድምፁ ደብዝዞ ነው የሚሰማው። "ይሙቅ" አሉና በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሙቀት ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ዘይት የላላውን ነገር አይሸፍንም። የፒስተን መንቀጥቀጥ ቢሆን ኖሮ ሲሞቅ ይጠፋ ነበር። ይህኛው ሲሞቅ ባሰ።

ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አነሱ፤ ጫፉን ብሎኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪም እንደዚያ ሲያደምጥ አይቼ አላውቅም። ቀጥለው የአንደኛውን ሲሊንደር የናፍጣ ቱቦ ዳዶ ላላ አደረጉት፤ ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ትቶ ውጭ ተንጠባጠበ፣ ሞተሩ አነከሰ፣ ኳኳታው ግን እንዳለ ነው። አጠበቁ። ሁለተኛውን አላሉ፤ እንዳለ። ሦስተኛውን ሲያላሉ ሞተሩ እንደ ሌላው ጊዜ አነከሰ፤ ድምፁ ግን ጥፍት አለ። መልሰው አጠበቁት፤ ተመለሰ። አላሉት፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ የመጨረሻውን ለእኔ ሲሉ ነው፣ እንዳልከራከር።

"ሦስተኛው ቢዬላ" አሉ። "ብሮንዚናው ሄዷል። አጥፋው። ከዚህ በኋላ አንዲት ስንዝር እንዳትነዳት።"

ለማያውቅ ሰው፦ ቢዬላ ማለት ፒስተኑን ይዞ ኮሎውን፣ ማለትም ዋናውን ዘንግ፣ የሚያዞር የብረት ክንድ ነው። በክንዱና በዘንጉ መካከል እንደ ግማሽ ቀለበት የተሠራ ስስ ለስላሳ ብረት አለ፤ ብሮንዚና የምንለው። ሁለቱ በቀጥታ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ከጸጉር የሚቀጥን የዘይት ሽፋን አለ። ሞተር የሚኖረው በዚያ ሽፋን ነው። ዘይቱ ሲጠፋ ለስላሳው ብረት ይበላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ክንዱ በያንዳንዱ ግፊት ዘንጉን ይደበድበዋል። ያ ነው የእናትየዋ ሙቀጫ። ካላቆሙት አንድ ቀን ክንዱ ተበጥሶ ብሎኩን ቀድዶ ይወጣል።

የዘይት መብራቱስ? ከተቃጠለ ቆይቷል። አምፖሉን ማለቴ ነው። ሌሎች ብዙ ነገሮች ስለነበሩ እሱን የምቀይረው "ነገ" ነበር።

ያን ቀን ማታ ረዳቴን አሰናብቼ መርሳ፣ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ቀናት ያገኘሁት ሰው ሁሉ ሐሳብ ሰጠኝ። በወሎ ሰው በሽታህን ከነገርኸው መድኃኒት ሳይነግርህ አይሄድም። ግማሹ "አሠራው" ይላል፤ ግማሹ "ሞተር ቀይር፣ የተሠራ ሞተር ሞተር አይደለም" ይላል። የሁለተኞቹ ድምፅ ይበረታ ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። ሁላችንም የተሠራ ሞተር በሦስተኛ ወሩ ሲነክስ አይተናል። አንድ ጎረቤቴ የነበረ የአይሱዙ ባለቤት አሠርቶ፣ እንደገና አሠርቶ፣ በሦስተኛው መኪናውን በሚዛን ሸጦታል። ምክንያቱ ግን ማሠራቱ አልነበረም፤ ግማሹን አሠርቶ ግማሹን መተዉ ነው። ብሮንዚና ይቀየራል፣ የተፋቀ ኮሎ እንዳለ ይመለሳል። አዲሱን ለስላሳ ብረት የሻከረው ዘንግ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

በአዲስ አበባ ከአንድ ደላላ ጋር አገናኙኝ። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው የሚሠራው። "ፋይቭ ኤል አለኝ፣ ብራዘር፣ ሙሉ ሞተር፣ ከነፖምፓው፣ ከዱባይ የገባ፣ ንጹሕ" አለኝ በስልክ። ፋይቭ ኤል የእኔው ዓይነት ነው፤ 2986 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የሌለው፣ ቀላል የናፍጣ ሞተር። ሾፌር የሚወደውም ለዚህ ነው፤ ማንም መካኒክ ከፍቶ ሊገጥመው ይችላል።

"ተነስቶ ይሰማል?" አልሁት።

"ብራዘር፣ መሬት ላይ ያለ ሞተር እንዴት ይነሳል? በእጅ ይዞራል፤ ታዞረዋለህ፣ ይዞርልሃል።"

"ዋስትናስ?"

"ገጥመህ አስነስተህ እስክትሰማው ድረስ። ድምፅ ካለው ትመልሳለህ።"

የሚመልሰው እኔ ነኝ፤ ከወልድያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በአይሱዙ አስጭኜ። ዋጋውን ሲነግረኝ ጋሼ ለሙሉ ሥራ ከገመቱልኝ ሦስት እጥፍ ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሞተር ቁጥር አለ። በሊብሬው ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር ተጽፏል፤ ሞተር የቀየረ ሰው የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የግዢ ደረሰኝ ይዞ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ቁጥሩን ማስለወጥ አለበት። ካልሆነ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ቦሎ አያገኝም። ስለዲክላራሲዮኑ ስጠይቀው ደላላው ትንሽ ዝም አለና "እሱ አያስቸግርም፤ ካስፈለገህ የድሮውን ቁጥር እናስመታልሃለን" አለኝ። እዚህ ላይ ስልኩ ተቆረጠ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልተቆረጠም። እንዲያውም ለሁለት ቀን አሰብሁበት።

ያሰብሁበት ምክንያት ቀላል ነው፦ አዲሱ ሞተር ቶሎ ይገጠማል። እድሳቱ ኮሎውን ደሴ ልኮ ማስፋቅን ይጠይቃል፤ ወልድያ ላይ ያን ጊዜ የምንተማመንበት የኮሎ መፋቂያ አልነበረም። ወር ሊሄድ ይችላል። የዕቁብ ዕዳዬ ወር አይጠብቅም።

ገንዘቡ ግን የለኝም። ከየት?

አባቴ ሐራ አካባቢ ገበሬ ናቸው። የሰሙት ከእኔ አይደለም፤ ገበያ ላይ ሰው ነግሯቸዋል። በሳምንቱ መርሳ ድረስ መጡ። ቡናው ሲፈላ ምንም አላነሱም። አቦል ጠጥተን፣ ቶናውን ጠጥተን፣ በረካው ሲቀዳ፦

"በሬዎቹን ሸጣቸው" አሉኝ።

ሁለት ሰንጋ ናቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዳለቻ። በዚያ ድርቅ ከአፋቸው ነጥቀው ነው ያቆዩዋቸው። ከሩቅ አገዳ እያስመጡ፣ ከራሳቸው ሽሮ ቀንሰው።

"አባዬ፣ በሬ ሸጠው በምን ሊያርሱ ነው?"

"ዝናብ የታለና ነው የማርሰው? በሬ ቆሞ ከሚከሳ መኪናህ ትቁም ትነሳ።"

ለወጉ እምቢ አልሁ። በሆዴ ግን ሒሳቡን መሥራት ጀምሬ ነበር። በማግሥቱ ሐራ የከብት ገበያ ወረድሁ፤ ዋጋ ልጠይቅ። ያየሁትን አልረሳውም። ገበያው ሞልቷል፤ የሚገዛ ሰው ግን የለም። ዓምና ሁለት በሬ ያወጣ የነበረውን ዘንድሮ ለማግኘት አራትም አምስትም ያስፈልጋል። የቆሙት ከብቶች የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ገዢዎቹ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ጥርስ አያዩም፣ ሻኛ አይዳብሱም፣ ዝም ብለው የሚያወጡትን ይናገራሉ። ሻጩም ይቀበላል። አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ቆመው "በ77ም እንዲህ ነው የጀመረን" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

አባቴ ስለ77 አያወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅ ሆኜ፣ በሬያቸውን የሸጡበትን ቀን ነግረውኛል፤ የሸጡበት ዋጋ ስንት ቁና እህል እንደሆነ፣ እህሉም ስንት ቀን እንደቆየ። ዝናቡ ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ እህል ሳይሆን በሬ ነበር ያጣው። መሬቱ ረጥቦ፣ ሰው በዶማ እየቆፈረ። ከዚያ በፊት በነበረው፣ በ66ቱ ረሃብ፣ ሕዝቡ ዛሬ እኔ በምነዳበት በዚሁ አስፋልት ዳር ነበር ተሰልፎ መኪና ሲያስቆም የነበረው።

ከገበያው ተመልሼ ደላላው ጋ ደወልሁና "ይቅር" አልሁት። ጋሼ ጋ ሄጄም "ይከፈት" አልኋቸው።

አሁን ሳስበው ይህ የሞተር ውሳኔ አልነበረም። የሞተሩን ጉዳይ ያወቅሁ እንኳ አይመስለኝም። ለሁለት በሬ ብዬ ነው የወሰንሁት።

ሞተሩ የወረደው የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ጋሼ ሁሉንም ነገር በየተራው ካርቶን ላይ ይደረድሩ ነበር፤ ቴስታታው፣ ቫልቮላዎቹ፣ ፒስተኖቹ ከነፋሻቸው፣ እያንዳንዱ በቁጥሩ። ልጆቹን እቃ ሲያደባልቁ ካዩ ይቆጡ ነበር። የዘይት ቋቱን ሲፈቱ ግን ዘይቱን በነጭ ሣህን ውስጥ አፈሰሱትና ወደ ፀሐይ ዘንበል አደረጉት። ጥቁሩ ውስጥ ወርቅ የመሰለ ብናኝ ይብለጨለጭ ነበር። ማግኔት አስገቡ፤ ብናኙ ወደ ማግኔቱ አልመጣም። "ብሮንዚና ነው፤ ብረት ቢሆን ይይዘው ነበር" አሉ። "ያልነካው ነገር አለ ማለት ነው። እመቤቴ ትርዳን።"

ሦስተኛውን ቢዬላ ሲከፍቱት ብሮንዚናው ሳስቶ መዳቡ ብቅ ብሏል። ከቤቱ ግን አልዞረም። ዞሮ ቢሆን ኖሮ ቢዬላውም ያልቅ ነበር። የሚገርመው የብሮንዚናው ጀርባ ነው። ጋሼ ጠርገው ወደ ብርሃን አዙረው አነበቡልኝ፤ ሃያ አምስት የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። መኪናውን የሸጠልኝ ሰው "ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም፤ ከፋብሪካው እንደወጣ ነው" ብሎ ምሎልኝ ነበር። ኮሎው ከእኔ በፊት አንድ ጊዜ፣ በ0.25 ሚሊ ሜትር፣ ተፍቋል።

ከዚያ ጋሼ የዘይት ቋቱን ገለበጡት። ሆዱ ውስጥ፣ የጥቅምቱ ጎድጓዳ ባለበት ቦታ፣ ልክ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ምልክት አለ። የዘይት መምጠጫውን ወንፊት አምጥተው በላዩ ላይ አስቀመጡት። ልክ ገጠመ።

ማንም አልተናገረም። ሦስት ወር ሙሉ ወንፊቱ ከቋቱ ወለል ጋር ተጣብቆ ኖሯል፤ ፖምፓው የሚስበው ዘይት ሳይሆን ጥቂት ጠብታና ብዙ አየር ነበር። ዳገት ስወጣ ዘይቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ ደግሞ ጭራሹን ያጣል። በዚያ ጥርጊያ ላይ ወርጄ አይቼ "አልተቀደደም" ያልሁበት ነው። ቢቀደድ ይሻለኝ ነበር፤ ፈስሶ አይቼ አሠራው ነበር።

"አየህ" አሉ ጋሼ፣ "አዲስ ሞተር ገዝተህ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ቋት እናስርበት ነበር። የአንተ ቋት ለሃየሱ የተሠራ ነው፣ ከዱባይ የሚመጣው ሌላ መኪና ላይ የነበረ ይሆናል፤ ስለዚህ ቋቱን ከአሮጌው አውልቆ አዲሱ ላይ ማሠር የተለመደ ነው። አዲሱንም በሦስት ወር ነው የምትገድለው።"

ይህን ሲነግሩኝ ስለ በሬዎቹ ምንም አያውቁም ነበር።

ኮሎውን ደሴ ራሴ ነኝ የወሰድሁት፤ በጆንያ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ፣ ጭኔ ላይ። ማንም እንዳይረግጠው፣ እንዳይወድቅብኝ። ከመርሳ ደሴ ያለውን መንገድ ስንት ጊዜ ነድቼዋለሁ፤ ተሳፋሪ ሆኜ ግን ያን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም። ውጫሌ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ "ምንድን ነው የያዝኸው?" አለኝ። "የታመመ ሰው" አልሁት። ቦታ ቀየረ።

ቶርኖ ቤቱ ውስጥ የኮሎውን አንገቶች በማይክሮሜትር ለክቶ በትንሽ ወረቀት የጻፈልኝን ልጅ ፊት እያየሁ ነበር። የሚወሰነው እዚያ ነው። በ0.50 የሚጸዳ ከሆነ ሞተሩ ይኖራል። ሦስተኛው አንገት እጅግ ከተጎዳ ወደ 0.75 ይሄዳል፤ ለዚያ ልክ ብሮንዚና ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ይህን ሁሉ መንገድ የተሸከምሁት ጥራጊ ብረት ነው። ልጁ ሦስተኛውን አንገት በሁለት አቅጣጫ ለካው፤ ክብነቱን አጥቶ እንደ እንቁላል ሆኗል። ቁጥሮቹን ደመረ፣ ቀነሰ፣ ጥፍሩን በአንገቱ ላይ አሄደ።

"ሃምሳ ይወጣዋል" አለ። "ለጥቂት።"

ሁሉም አንገቶች በሃምሳ ተፋቁ፤ አንዱን ብቻ መፋቅ አይሆንም። ብሮንዚናው ከአዲስ አበባ፣ ከዚያው ከሶማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ መጣ። የላከልኝ ያው ደላላ ነው፤ አልተቀየመኝም። "ብራዘር፣ ሃምሳ ስትለኝ ሞተሩን እንዳሠራህ ገባኝ" አለኝ። ፋሻውን ቀየርን፣ የቢዬላዎቹን ቡሎኖች በሙሉ ቀየርን፣ የዘይት ፖምፓውን ፈትሸን፣ ቋቱን አቃንተን፣ ጋሼ ወንፊቱና ወለሉ መካከል ጣታቸውን አስገብተው ለኩት። ያችን አምፖልም ቀየርኋት። በሁለት ብር አካባቢ ነው ያገኘኋት፤ ይህን የምጽፈው ራሴን ለመቅጣት ነው።

ሞተሩ ሲነሳ መጋቢት ነበር። ጋሼ እንደመጀመሪያው ቀን በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እስኪሞቅ ጠበቁ። ከዚያ ካቻቢቴውን አነሱ፣ አደመጡ፣ ለእኔም ሰጡኝ። ውስጡ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል፤ ከዚያ በቀር ምንም የለም።

የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብዬ፣ ከመጠን በላይ ሳልጭን ነዳሁ። ጓደኞቼ "ሙሽራዋ እንዴት ናት?" እያሉ ይስቁብኛል። ከዚያ ዘይቱን ቀየርን፤ በነጭ ሣህን፣ በፀሐይ። ጋሼ ዝም ብለው ደፉት። እኔ ግን ሣህኑን ተቀብዬ እንደገና አየሁት፤ ጥቁር ብቻ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ መጣ። ያን ዓመት ሲመጣ በኃይል ነው የመጣው፤ በየቦታው ጎርፍ አደረሰ። ሐራ ስገባ አባቴ ማሳ ላይ ነበሩ፤ ማሽላ ሊዘሩ ቀዩንና ዳለቻውን ጠምደው። ከሲታ ነበሩ በሬዎቹ፤ ሁለት ትልም አርሰው ቆመው ያለከልካሉ። ዳር ላይ ሚኒባሱን አቁሜ ጡሩምባ ነፋሁ። አባቴ ቀና አሉ፣ ጅራፋቸውን አነሱ፣ ወደ ትልማቸው ተመለሱ።

መኪናውን የሸጥሁት በ2011 ነው፤ ከዚያ ሥራ ወጣሁ። የሚገዛው ልጅ ከቆቦ መጥቶ ሞተሩን አስነስቶ ሰማው፣ ወደደው። ሊብሬውን ከቁጥሩ ጋር አስተያየ፤ ገጠመ። "ተከፍቶ ያውቃል?" አለኝ።

"ሁለት ጊዜ" አልሁት። "አሁን ሃምሳ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ እድል ብቻ ነው ያለህ።"

ደነገጠ። ከዋጋው ላይ ደህና አድርጎ ቀነሰብኝ፤ እኔም አልተከራከርሁም። በዓመቱ የኤክሳይዝ አዋጁ ወጥቶ ያገለገለ መኪና ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከል፣ ያ ልጅ ምን ያህል እንዳተረፈ አስበህ ታውቃለህ ወይ አትበሉኝ፤ አስቤያለሁ።

ውሉን ተፈራርመን ስንጨርስ ከኪሴ የደሴውን ወረቀት አወጣሁለት፤ የአንገቶቹ ልክ የተጻፈበትን፣ በዘይት የወዛውን። አገላብጦ አየው። አጥፎ ከሊብሬው ጋር አስቀመጠው።